የጳጉሜን ልጅ ልደቷ መቼ ነው?

ውድ አንባቢዬ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ልብ ይበሉ። አንዲት ልጅ በጳጉሜን 3 ቀን ተወለደች እንበል። ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት ወይም ለትምህርት ቤት ምዝገባ ይዘዋት ሲሄዱ፣ መዝጋቢው በኮምፒዩተሩ ላይ የወሮችን ዝርዝር ከፍቶ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? አንዱ ወደ ኋላ ስቦ «ነሐሴ 30» ይላል። ሌላው ወደ ፊት ገፍቶ «መስከረም 1» ይላል፤ በዚያው ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጥ ከቀረ ደግሞ ልጅቱ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያህል ታረጃለች። እናቲቱ የወለደችበትን ቀን አልረሳችም። የረሳው መሣሪያው ነው።

ይህን ጉዳይ ስለ ሴቶችና ስለ ቤተሰብ በሚነገርበት ገጽ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችን ቀን የምትቆጥረው እናት ናት። የጽንሱን ወራት ትቆጥራለች፤ የአራስነቱን ቀን ትቆጥራለች፤ ክርስቲያኗ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ቆጥራ ክርስትና ታስነሣለች፤ ሙስሊሟ በሰባተኛው ቀን ስም ታወጣለች። የጤና ባለሙያዋም በበኩሏ 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንት፣ 14 ሳምንት እያለች የክትባት ቀጠሮ ትሰጣለች።

ከዚህም በላይ የቀን ጉዳይ የመብት ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ይኸው ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ በመሠረቱ ይከለክላል። እንግዲህ አንዲት ልጃገረድ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ሲታሰብ «ገና ልጅ ናት» ብሎ የሚቆምላት የመጀመሪያው ምስክር በወረቀት ላይ የሰፈረው የልደት ቀኗ ነው። ይህ ምስክር በመሣሪያ ጉድለት ሲዛባ ዝም ብለን ልናይ አይገባም።

በዚህ ምክንያት እኔና ሁለት ወጣት እኅቶች እዚህ መካነ ሰላም ላይ፣ ከመደበኛ ሥራችን በተረፈን ሰዓት፣ አንዲት አነስተኛ የኮምፒዩተር መሣሪያ ሠርተናል። ሥራዋ አንድ ነው፤ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ፣ የአውሮፓን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ትመልሳለች። ዛሬ ላወጋዎ የፈለግሁት ስለ አሠራሯ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ስለ አፈታተኗ ነው። ከመሥራቱ ይልቅ መፈተኑ ብዙ አስተምሮናልና።

መሣሪያዋ በሥዕልና በቀለም ያጌጠች አይደለችም። «ኮማንድ ላይን» ወይም የትእዛዝ መስመር ከሚባሉት ወገን ናት። በጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጽፉላታል፤ እርሷም አንድ መስመር ጽፋ ትመልሳለች። ለምሳሌ ያህል «ጳጉሜን 3 2010» ብለው ቢጽፉላት «ሴፕቴምበር 8 2018» ብላ ትመልሳለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰው ሁሉ ስልኩን በጣቱ እየነካ በሚሠራበት ዘመን ይህ ለምን አስፈለገ ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ትሠራለች፤ አንድን ቀን ብቻ ሳይሆን ሺህ ስም ያለበትን መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ታገላብጣለች። መብራትና ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ ለሚውልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእነዚህን መሣሪያዎች ጠባይ በተሻለ የሚያስረዳው ማድ ቤትዎ ነው። እህሉ በሰፌድ ይበጠራል፣ በወፍጮ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል። ሰፌዱ መፍጨት አያውቅም፤ ወፍጮውም መንፋት አያውቅም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ሥራ አጣርቶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት የሠሩ ሰዎች ይህን የመሰለውን ቅብብሎሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አበጁለት። የእኛም መሣሪያ እንደ አንድ ወንፊት ናት። አንዱ ፕሮግራም መዝገቡን ያቀርብላታል፤ እርሷ ቀኑን ትመልሳለች፤ ሌላው የክትባት ቀጠሮ ያወጣበታል።

መሣሪያዋን የሠራናት ለሽያጭ አይደለም። «ኦፕን ሶርስ»፣ በእኛ አነጋገር «ክፍት ምንጭ»፣ ለሚባል የጋራ ሥራ አካል እንድትሆን ነው። ክፍት ምንጭ ማለት የወጡ አሠራር ከወጡ ጋር አብሮ ሲቀርብ ማለት ነው። ማንም ያነበዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ያርመዋል፣ እርማቱንም ለሁሉ ያካፍላል። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። ደቦ ወይም ጅጌ ወጥቶ የጎረቤቱን ማሳ ያጨደ ሁሉ ያውቀዋል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. «ግኑ» የሚባለውን ሥራ ሲጀምር፣ በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ የሚማር ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ወጣት «ሊኑክስ»ን ለሁሉ ሲያቀርብ፣ በኮምፒዩተር ዓለም ደቦ ጠሩ ማለት ነው።

የዚህ ደቦ ፍሬ በእኛም ቤት ገብቷል። የጤና ሚኒስቴር የጤና ጣቢያዎችን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ነው፤ የኢትዮጵያንም የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ አገር ባንጋሎር ላይ በተጀመረ ክፍት ምንጭ ላይ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትልቅ ጥቅም ይህ ነው፤ ጳጉሜን ከአንድ ፕሮግራም ብትጎድል ምንጩ ክፍት ከሆነ እኛው ሄደን እንመልሳታለን። ምንጩ ዝግ ከሆነ ግን የባለቤቱን ደጅ ከመጥናት በቀር ሌላ መንገድ የለንም።

ስሌቱን እኛ አልፈለሰፍነውም። የበየነና የኩድሌክ ስሌት እየተባለ በብዙ ክፍት ፕሮግራሞች የሚሠራበት ዘዴ አለ። ኢማክስ የተባለው ነባር የጽሑፍ ማዘጋጃም የኢትዮጵያን ቀን ያውቃል። የስሌቱ መሠረት ቀናትን ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ እንደ ዶቃ በአንድ ክር ላይ መደርደር ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይህ ዶቃ በእኛ ቁጥር ስንተኛ ነው፣ በእነርሱስ ስንተኛ ነው የሚል ብቻ ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ወራት 30 ቀን፣ ጳጉሜን በሦስቱ ዓመት 5፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ የ2015ና የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ናት።

መሣሪያ የሠሪዎቹን አገር ታሪክ እንደሚሸከም ለማየት ከፈለጉ፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒክስ ውስጥ ያለውን «ካል» የተባለ የቀን መቁጠሪያ ትእዛዝ ይመልከቱ። የ1752ን ሴፕቴምበር እንዲያሳይ ቢያዙት ከ2 ቀጥሎ 14 ይጽፋል። ብልሽት አይደለም። እንግሊዝና ግዛቶቿ በዚያ ዓመት የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲለውጡ 11 ቀን ዘለዋል፤ ፕሮግራሙም ይህን አልረሳም። በእነርሱ ቤት የሆነው ነገር በመሣሪያቸው ውስጥ ከኖረ፣ በእኛ ቤት በየዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜን የማትኖርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን የሚያኖራት ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፈተናው ልግባ። የመጀመሪያዋ እንጀራ የምጣዱን ሙቀት እንደምትናገር ሁሉ ለፕሮግራምም መሞከሪያ አለው። እኛ ግን የጀመርነው ከፈተናው ነው። ፕሮግራሙ ገና ሳይጻፍ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ በግራ በኩል ጥያቄውን፣ በቀኝ በኩል ትክክለኛ መሆኑ የተረጋገጠውን መልስ አሰፈርን። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጥያቄዎቹን በተራ ለመሣሪያዋ እየሰጠ መልሷን ከደብተሩ ጋር ያስተያያል። አንዷ እንኳ ከወደቀች ሥራው ወደ ደቦው አይላክም። ነገ ሌላ ሰው በሌላ አገር ሆኖ አንድ መስመር ቢቀይርም እነዚሁ ፈተናዎች እንደገና ይሮጣሉ። ስለዚህ ፈተና ማለት ለማናውቀው ሰው የምንተወው አደራ ነው።

የኮምፒዩተርን መልስ በእጅ መመርመርን የሚንቁ አሉ። ካትሪን ጆንሰን የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት የሒሳብ ባለሙያ ቢያስታውሱ ኖሮ ባልናቁት። በፌብሩዋሪ 1962 እ.ኤ.አ. ጆን ግሌን ምድርን ሊዞር በተዘጋጀ ጊዜ፣ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ቁጥር እርሷ በእጇ እንድታረጋግጥለት ጠይቋል። አረጋገጠችው፤ ሄዶም በሰላም ተመለሰ። የእኛ ሥራ ጠፈር አይደርስም፤ ደንቡ ግን አንድ ነው። ማሽኑን የሚመሰክርለት ራሱ ማሽኑ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምስክሮቻችን እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ እናቶችና አያቶች ነበሩ። አንዲት አዛውንት ስለ ሥራችን ሲሰሙ «አንቺ ልጄ፣ ገና በዘመነ ዮሐንስ በ28 እንደሚውል ያ ዕቃሽ ያውቃል?» አሉኝ። «እማማ፣ እንጠይቀው» አልኋቸው። በደብተራችን ላይ ሰፈረ፤ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ከጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ጋር መግጠም አለበት። ይህች አንዲት ጥያቄ የስድስተኛዋን ጳጉሜን ጣጣ ሁሉ ትፈትሻለች። ጳጉሜን 6 ስትሆን አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ይገባል፤ ከዚያም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። አዛውንቷ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ የሰጡን ፈተና ግን ሦስታችን ካሰብናቸው ብዙዎቹ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛዋ ምስክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የእርሷ ጥያቄ የክትባት ነው። ነሐሴ 10 የተወለደ ሕፃን 6 ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን የሚሞላው መቼ ነው? ጳጉሜን 5 ከሆነች መስከረም 17፣ 6 ከሆነች መስከረም 16 ነው። ጳጉሜን የተረሳች እንደሆነ ግን መስከረም 22 ይወጣል። አምስት ቀን ምን አላት አይበሉ። ክትባት በወር አንድ ቀን ብቻ በሚሰጥበት ቀበሌ፣ እናት ልጇን አዝላ ዳገትና ቁልቁለት አቋርጣ ስትደርስ «ትናንት አልፏል» ከተባለች የጠፋው አንድ ወር ነው።

ሦስተኛዋ ምስክር በቤት ውስጥ ብዙ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው። «ሌሊት የተወለደውንስ በየትኛው ቀን ትይዙታላችሁ?» አሉን። እውነትም በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በአውሮፓ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተገላገለች አንዲት እናት «ነሐሴ 30 ሌሊት» ትላለች፤ አጠገቧ የነበረችው እኅቷ «ለጳጉሜን 1 አጥቢያ» ትላለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የሚናገሩት ስለ አንዲት ሌሊት ነው። ስለዚህ መሣሪያዋ ሰዓቱ ሲነገራት ለሁለቱም አንድ መልስ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018ን መስጠት አለባት። «አጥቢያ» የምትለው ቃላችን እንዲህ ሆና በፕሮግራሙ ውስጥ ገባች።

ከዚህ ሌላ «የደርሶ መልስ» የምንለው ፈተና አለ። ከ1850 እስከ 2199 ዓ.ም. ያለውን እያንዳንዱን ቀን፣ በጠቅላላው 127838 ቀናትን፣ ወደ አውሮፓ ወስዶ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ነው። የሄደው ቀን ራሱ ካልተመለሰ ስሕተት አለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ወደ ተሳሳተ ቤት የሄደ ሰውም በዚያው መንገድ ቢመለስ የራሱን ቤት ያገኛልና። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ምልክት የሚሆኑ፣ ከእኛ ስሌት ውጭ የታወቁ ቀኖች ያስፈልጉናል።

ምልክቱን ከአገራችን ታሪክ አገኘን። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በዛሬ ዘመን ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ልዩነቱ የመጣው አውሮፓውያን 1900ን ሠግር ዓመት ስላላደረጉት፣ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ ስለምንቆጥር ነው። በ2100 እ.ኤ.አ. ይኸው ነገር ይደገማል። ዛሬ የምትወለድ ልጅ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ትሆናለች፤ የጡረታ ቀኗንና የልጅ ልጆቿን ልደት የሚቆጥርላት መሣሪያ ከአሁኑ መፈተን አለበት።

መሣሪያዋ እምቢ ማለትም መቻል አለባት። «ጳጉሜን 6 2016» ተብሎ ቢጻፍላት ወደ መስከረም 1 አንሸራታ ማለፍ የለባትም፤ «በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ናት» ብላ በአማርኛ መልሳ መቆም ይገባታል። በዝምታ የተስተካከለ ስሕተት ከሚታይ ስሕተት ይከፋል።

ሥራውን ወደ ደቦው በላክን ጊዜ፣ በሌላ አገር የሚገኝ አንድ መርማሪ «ለአምስት ቀን ይህን ያህል ፈተና ያስፈልጋል ወይ?» ሲል በትሕትና ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱም በቁጥር የሚሰጥ ነው። አምስት ቀን ከ365 ቀን ከ73 አንድ እጅ ነው። ልደት በዓመቱ ቀናት ላይ እኩል ቢከፋፈል፣ 730 ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት አሥሩ የጳጉሜን ልጆች ይሆናሉ። አሥር ልጅ አሥር ቤት ነው። መርማሪው ይህን ከተመለከተ በኋላ ፈተናዎቹን አንድም ሳይቀንስ ተቀበላቸው።

ከሁሉ ያከራከረን ግን ስሌት አልነበረም። በጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ 18 ዓመት የሚሞላት መቼ ነው? በ2033 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ናት። አንደኛዋ ጓደኛችን ጳጉሜን 5 ትበል አለች፤ ሁለተኛዋ የለም፣ መስከረም 1 ቀን 2034 ይሁን አለች። ሒሳብ ይህን አይወስንም። ያዋልዱ የነበሩትን ሴት ብንጠይቃቸው «ያልነጋ ቀን አይቆጠርም» አሉ። ልጅቱ የተወለደችበት ቀን በዚያ ዓመት ካልመጣ፣ ቀኑ ያልፋታል እንጂ አይቀድማትም ማለታቸው ነው። በዚህ ተስማማን። ሕግ የመተርጎም ሥልጣን የዳኛ እንጂ የመሣሪያ አይደለም፤ ነገር ግን መሣሪያ የግድ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ካለበት፣ ልጃገረዷን ከዕድሜዋ በፊት አዋቂ ወደማያደርገው ወገን ያዘንብል። ይህም ከነምክንያቱ በፕሮግራሙ ምንጭ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

መሣሪያዋ የማትችለውም አለ። «ልጄ የተወለደው ከኢድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው» ያሉን የቦረና እናት አሉ። የእስልምናው ወር የሚያዘው በጨረቃ መታየት ስለሆነ ይህን በስሌት ብቻ መወሰን አይቻልም፤ የዚያን ዓመት ኢድ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። «አዝመራው ሲሰበሰብ ነው» ለሚለውም ትእዛዝ አላበጀንም። ያልተጻፈን ቀን የትኛውም ኮምፒዩተር ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢዬ፣ የእርስዎ ድርሻ ከእኛ ሥራ ይቀድማል። ልጅ በቤትዎ ሲወለድ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ወንጌላዊውን፣ እንዲሁም ሰዓቱን ከነሌሊቱና ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመለሰ ቀን ሲሰጥዎ «ስምንት ደምረህ ነው ወይስ ቆጥረህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት ሰባት እንጂ ስምንት አይደለምና። የልጅዎ ቀን ጳጉሜን ከሆነ ወደ ነሐሴም ወደ መስከረምም እንዳትገፋ ይቁሙላት። ሴት ልጅዎ ኮምፒዩተር ልማር ስትል ደግሞ ይህ የወንድ ሥራ ነው አይበሏት። ቀን ቆጥራ ያሳደገቻትን እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ፕሮግራም ብትፈትን፣ ሌላው ያላየውን ጉድለት ለማየት ከማንም የተሻለ ዕድል አላት።